ገመና የሀብታም ጌጥ ነውን? ግራ ዘመሞችንና ስልካቸውን ለነቀፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ የቆየ የሥራ ባልደረባዬ «አንብበውና ወይ ተናደድ ወይ ሐሳብህን ቀይር» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። አነበብኩት። መናደድ አልቻልኩም፤ የጸሐፊው ብዕር ስል ነው፤ አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም አንገቴን አስደፍቶኛል። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም። ለምን እንዳልቀየርኩ ለእርሳቸውም ለባልደረባዬም እነሆ።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ግራ ዘመሞች ካፒታሊዝምን የሚራገሙት ካፒታሊዝም በሠራላቸው ስልክ ነው። የግል መረጃ ይጠበቅ የሚለው ጩኸት ከምዕራቡ ዓለም የተቀዳ፣ የጠገበ ሰው ቅንጦት ነው፤ የሚደብቀው የሌለው ሰው የሚፈራው የለም። ኩባንያዎቹ ማንንም አላስገደዱም፤ አገልግሎቱን በነፃ ሰጥተው መረጃውን በፈቃድ ይወስዳሉ። ሊፈራ የሚገባው መንግሥት እንጂ ነጋዴ አይደለም፤ ደርግን ያሳየን የግራ ወገን ደግሞ ስለ ስለላ የሚናገርበት አፍ የለውም። ቴክኖሎጂን የሚጠራጠር ሁሉ ማሽን ሰባሪ ነው። አማራጭ አምጡ ሲባሉም ዝም ነው። በተራ እመልሳለሁ፤ ክብደታቸው እኩል ስላልሆነ ግን እኩል ቦታ አልሰጣቸውም።

ከስልኩ ልጀምር፤ ቶሎ የሚያልቅ ነውና። ጭሰኛው ከባላባቱ ጎተራ የወጣ ጤፍ እየበላ «መሬት ለአራሹ» የሚለውን መፈክር ቢደግፍ ግብዝ የሚለው ማን ነበር? ጤፉን ያበቀለው እርሱ ነው። ስልኩም እንዲሁ ብዙ ወላጅ አለው። የኢንተርኔት አያት የሆነው አርፓኔት እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ የጀመረው በአሜሪካ መከላከያ በጀት ነው። መንገድ የሚመራን ጂፒኤስ የጦር ኃይሉ ሥራ ነው። ድረ ገጽ የተፈለሰፈው ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ማዕከል ሲሆን፣ ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1993 ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። በባትሪው ውስጥ ያለው ኮባልት ደግሞ አብዛኛው የሚወጣው ከኮንጎ ምድር ነው። ገበያው ስልኩን አሳምሮ ሸጦልናል፤ ይህን አልክድም። ግብር ከፋዩን፣ ተመራማሪውንና ማዕድን ቆፋሪውን ረስቶ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» ሲል ግን ደረሰኙን አሳየን ማለት ነውር የለበትም።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። ጸሐፊው «ግላዊነት» የሚለው ቃል ራሱ ባዕድ ነው ይላሉ። ቃሉ አዲስ መሆኑን እቀበላለሁ፤ በጽሕፈት ቤት የተሠራ ይመስላል፤ እናቴ ብትሰማው እንኳ አትጠቀምበትም። «ገመና» የሚለውን ግን አሳምራ ታውቃለች። ገመና ከታች፣ ገመናው ወጣ፣ ገመናዬን ሸፈነልኝ እያልን ስንኖር ምዕራቡ ዓለም አላስተማረንም። ቃሉም ከሀብታም ሳሎን የወጣ አይደለም። የሚላስ የሚቀመስ ያጣች እናት ባዶ ድስት ጥዳ እሳት ታነዳለች፤ ጎረቤት ጭሱን አይቶ «ዛሬም ወጥ ሠርታለች» እንዲል። ሀብታም የሚደብቀው ገንዘቡን ነው፤ ለዚያም አጥርና ጠበቃ አለው። ድሃ የሚደብቀው ማጣቱን ነው፤ ያለው መሸፈኛ የሰው ዝምታ ብቻ ነው። ታዲያ ገመና ለማን ነው ቅንጦት የሚሆነው?

በሕግም ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት፣ ያ ሁሉ ሥልጣን በአንድ ዙፋን ላይ በተከመረበት ዘመን፣ ሕግ ካልፈቀደ በቀር የሰው ደብዳቤ መክፈትን ይከለክል ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግን ግንኙነት ጨምሮ ያንኑ አስፍቶ ደነገገ። ከመቶ ዓመት በፊት ግድም ደብዳቤ የሚጽፈው ሕዝብ ስንት እንደነበር ሳስበው፣ ያን አንቀጽ የጻፉት ሰዎች «ይህ ቅንጦት ነው» ለማለት ከእኛ የተሻለ ምክንያት ነበራቸው።

«የሚደብቀው የሌለው የሚፈራው የለም» ለሚለው፣ የአንድ የኬሚስትሪ መምህርን ጉዳይ ላንሳ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በጦርነቱ ወቅት፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2021፣ ቤታቸው በር ላይ ተገደሉ። ልጃቸው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ናይሮቢ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ ባቀረበው ክስ፣ ከግድያው በፊት ፎቷቸው፣ የሥራ ቦታቸውና ሰፈራቸው ጥላቻ በተሞላ ጽሑፍ ታጅቦ ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ እንደነበር፣ ይነሣ ብሎ ቢያመለክትም በጊዜው እንዳልተነሣ ገልጿል። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል፤ የመጨረሻውን ፍርድ ለፍርድ ቤቱ እተወዋለሁ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። እኒህ ሰው ምን የሚደብቁት ነበራቸው? የሰፈራቸውን ስም። በሰላም ቀን ለታክሲ ረዳት ጮክ ብለው የሚናገሩትን ነገር። አንድ መረጃ አደገኛ የሚሆነው በራሱ ምንነት ሳይሆን ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደያዘው ነው፤ ይህን ደግሞ ባለመረጃው አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

ኬንያን ካነሣሁ ሌላም ልጨምር። በስልክ የሚያበድሩ ድርጅቶች እዚያ የተበዳሪውን የስልክ ማውጫ እየገለበጡ፣ ክፍያ ሲዘገይ ለአለቃው፣ ለአማቱ፣ ለቄሱ ሳይቀር እየደወሉ «ዕዳ አለበት» ይሉ ነበር። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 በደንብ እስኪከለክል ድረስ ይህ የተለመደ የአሠራር ዘዴ ነበር። ጥቂት ሺህ ሽልንግ የተበደረ ሰው ነው በዚህ መንገድ ገመናው የወጣው። ሚሊዮን የተበደረ ባለሕንፃ ግን አማቱ ስልክ አልተደወለላትም።

«በፈቃዳቸው ነው» ወደሚለው እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አንድ የስልክ ባትሪ መብራት መተግበሪያ ላይ ክስ መሥርቶ ነበር። መብራት ከማብራት ሌላ ሥራ የለውም፤ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጊዜያት ወደ ስልኮች ተጭኗል። መተግበሪያው ግን ተጠቃሚው ያለበትን ቦታ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ይልክ ነበር። የሚገርመው ይህ ብቻ አይደለም። ኮሚሽኑ እንዳለው፣ ተጠቃሚው «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም» የሚለውን ቁልፍ ከመጫኑ በፊት መረጃው መሄድ ጀምሯል። «አልስማማም» ብሎ የተጫነው ጣት የተጫነው ለይስሙላ ነበር።

ቁልፉ በትክክል ቢሠራስ? እ.ኤ.አ. በ2023 ናይሮቢ በሚገኘው የኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማዕከል ሺዎች ተሰልፈው ዓይናቸውን አስቃኙ። ዎርልድኮይን የተባለው ፕሮጀክት ለአንድ የዓይን ቅኝት ወደ 7,000 ሽልንግ የሚያወጣ ዲጂታል ገንዘብ ይሰጥ ነበር። መንግሥት በነሐሴ አገደው፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የተሰበሰበው መረጃ እንዲጠፋ አዘዘ። ሰልፈኞቹን ማንም በዱላ አልነዳቸውም፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ ትክክል ናቸው። የነዳቸው የቤት ኪራይ ነው። ያን ሰልፍ ዙሪክ ላይ ቢጠሩት ስንት ሰው ይመጣ እንደነበር ይገምቱ። ፈቃድ ማለት እምቢ ማለትም ሲቻል ነው፤ እምቢ ብሎ ራት መብላትም ሲቻል።

«ነፃ አገልግሎት» ስለሚለው ብዙ አልልም። ሜታ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ130 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ አስገብቷል፤ ከዚህ ከ95 በመቶ የሚበልጠው ከማስታወቂያ ነው። በዚያ ዓመት የመጨረሻ ሩብ ብቻ ከአንድ የአሜሪካና የካናዳ ተጠቃሚ በአማካይ ከ68 ዶላር በላይ አግኝቷል፤ አፍሪካ ከተመደበችበት «የተቀረው ዓለም» ከሚለው ክፍል ግን ከ10 ዶላር በታች። እኛ ርካሾች ነን፤ ስለዚህም በቋንቋችን ለሚጻፈው ጥላቻ የሚመደበው ተቆጣጣሪ ጥቂት ነው። የፕሮፌሰሩ ልጅ ክስም አንዱ አቤቱታ ይኸው ነበር።

በዚህ ነጥብ ላይ ከመጽሐፍ ይልቅ ያስተማረኝ አንድ አሽከርካሪ ነው። ከመገናኛ ወደ ሳሪስ ይወስደኝ ነበር። ስልኩ ከመሪው ጎን በላስቲክ ታስሯል፤ መስታወቱ ተሰንጥቋል። ጥሪ በመጣ ቁጥር ዓይኑ እዚያ ላይ ይተከላል። ሥራ የሚያገኝበትን መተግበሪያ «እሱ» እያለ ነው የሚጠራው፤ ዕድሜው እንደገፋ ጌታ። «ጋሼ፣ እሱ ስንት ሰዓት እንደነዳሁ፣ የት ቆሜ ሻይ እንደጠጣሁ፣ ስንት ጥሪ እንደገፋሁ ያውቃል። እኔ ግን ይህን ሥራ ለምን ለእኔ እንደሰጠኝ፣ የማለዳውን ለምን እንደነሳኝ አላውቅም።» አንድ ጊዜ ሦስት ቀን ዘግቶት ነበር። ቢሮ ድረስ ሄዶ ቢጠይቅ አንዲት ትሑት ልጅ «ሲስተሙ ነው» አለችው። ቀድሞ ባንክ ቤት «ሲስተም የለም» ተብለን ስንመለስ እንማረር ነበር፤ አሁን ሲስተም መጣ፤ የሚመልሰን እርሱ ሆነ።

የግራው ወገን ስለ ገመና የሚያነሣው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ጸሐፊው የሳቱትም ይህንኑ ይመስለኛል። አሽከርካሪው የሚደብቀው ወንጀል የለም። አሠሪው ስለ እርሱ ሁሉን ያውቃል፤ እርሱ ስለ አሠሪው ምንም አያውቅም፤ የደመወዙ ድርድር የሚደረገው በዚህ ልዩነት ላይ ቆሞ ነው። ገበያ ወጥቶ በሬ የሚሸጥ ገበሬ የመጨረሻ ዋጋው ግንባሩ ላይ ቢጻፍበት ምን ያህል ይጎዳል? አሽከርካሪው በየቀኑ ግንባሩ ላይ ተጽፎበት ነው የሚወጣው።

አሁን አንገቴን ወዳስደፋኝ ነጥብ። «ደርግን ያሳየን ወገን» ይላሉ። የሚሰጠውን የተለመደ መልስ አውቀዋለሁ። ደርግ እውነተኛ ሶሻሊስት አልነበረም፤ ከሞቱት የሚበዙት ራሳቸው ግራ ዘመሞች ነበሩ፤ ኢሕአፓም መኢሶንም በተራ ታርደዋል። ሁለተኛው እውነት ነው። ቢሆንም ገዳዩም ሟቹም አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያነብ ነበርና በዚህ መልስ ማምለጥ አልፈልግም።

አክስቴ በ1969 ዓ.ም. ጉለሌ ነበረች። ቀበሌዎች ከተቋቋሙ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም፤ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ የከተማ ነዋሪው ራሱን በራሱ እንዲያስተዳድር ተብሎ ነበር። የቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና በቤተሰብ ቁጥር ያድላል፤ ለዚያ መዝገብ አለ። መዝገቡ ክፉ ሐሳብ አልነበረበትም። ነጋዴው ስኳር ደብቆ ዋጋ እንዳያንር፣ ድሃውም እንዲደርሰው የተከፈተ ነው። እኔ ያኔ ብኖር ደግፌ እጄን ባወጣሁ ነበር። የቤት ለቤት አሰሳው ሰሞን አንድ ማለዳ አብዮት ጥበቃዎች ከመዝገቡ ጋር መጡ። አንደኛው ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየና «እዚህ ላይ አራት ነፍስ ይላል፤ እኔ የቆጠርኩት አምስት ጫማ ነው» አላት። አምስተኛው ጫማ ዓይኑን ሊታከም ከደብረ ብርሃን የመጣ የባሏ ወንድም ልጅ ነበር። ወሰዱት። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ተመለሰ፤ ዕድለኛ ነው ተባለ፤ ዕድለኛም ነበር። አክስቴ እስክትሞት ድረስ ጫማ ደጅ ላይ አታስቀምጥም ነበር።

ከዚህ የምማረው ጸሐፊው ከተማሩት ይለያል። እርሳቸው «ስለዚህ መዝገቡን ነጋዴ ይያዘው» ይላሉ። የእኛ ወገን የቆየ ስሕተትም የዚህ መንትያ ነው፤ «መዝገቡን ሕዝብ ይያዘው» ስንል ኖርን። ሁለታችንም የተከራከርነው ስለ መዝገብ ያዡ ነው። የበር ጫማ መቆጠር አለበት ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

መንግሥትና ነጋዴን በሁለት አጥር ለይቶ ማቆምም አይቻልም፤ የእኛው ታሪክ ምስክር ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2013 ፊንፊሸር የተባለ የስለላ ሶፍትዌር የኢትዮጵያ ተቃዋሚ መሪዎችን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ ሲሠራጭ ማግኘቱን አስታወቀ። በ2014 ደግሞ በውጭ አገር የሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች በሌላ ሶፍትዌር መጠቃታቸውን ገለጸ፤ ይህኛው ሚላን የሚገኝ ሃኪንግ ቲም የተባለ ኩባንያ ምርት ነበር። በ2015 ኩባንያው ራሱ ተሰርስሮ የውስጥ ደብዳቤዎቹ አደባባይ ሲወጡ ኢትዮጵያ ደንበኛው እንደነበረች ታየ። ሰላዩ መንግሥት ነበር፤ አዎ። መነጽሩን ግን የገዛው ከገበያ ነው፤ በውል፣ በደረሰኝ፣ ከሽያጭ በኋላ ከሚሰጥ የጥገና አገልግሎት ጋር። ገበያ የሞላበት አሜሪካም ከዚህ አልራቀም። የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲው የዜጎችን የኢንተርኔት አጠቃቀም የሚያሳይ መረጃ ከደላሎች እንደሚገዛ እ.ኤ.አ. ጥር 2024 ይፋ በሆነ ደብዳቤ አምኗል። ፖሊስ ቤት ለመፈተሽ የዳኛ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከደላላ ለመግዛት የሚያስፈልገው ገንዘብ ብቻ ነው። ነጋዴው ባይሰበስበው ኖሮ መንግሥት የሚገዛው አይኖርም ነበር።

ማሽን ሰባሪዎቹን በአጭሩ። እ.ኤ.አ. በ1811 በእንግሊዝ ኖቲንግሃም ካልሲ የሚሠሩ መሣሪያዎችን መስበር የጀመሩት ሰዎች ከማሽን ጋር ያደጉ ባለሙያዎች ነበሩ። የሁሉንም አልሰበሩም፤ ደመወዝ የቆረጠውንና ጥራት የሌለው ዕቃ የሚያመርተውን ባለቤት መርጠው ነው። መንግሥት በ1812 ማሽን መስበርን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው፤ አንድ ካልሲ መሥሪያ ከአንድ አንገት በለጠ ማለት ነው። የዛሬዎቹን ለማየት ከፈለጉ ደግሞ ናይሮቢ ቅርብ ነው። በሦስተኛ ወገን ተቀጥረው ፌስቡክ ላይ የሚለጠፈውን ሬሳና ዛቻ ቀኑን ሙሉ እያዩ ሲያጸዱ ከነበሩት መካከል አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ የሚያነቡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዚያው ከተማ ቻትጂፒቲ ጸያፍ ነገር እንዳይናገር የሚያሠለጥነውን ጽሑፍ የለዩ ሠራተኞች በሰዓት ከ2 ዶላር በታች ይከፈላቸው እንደነበር እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ታይም መጽሔት ዘግቧል። በዚያው ዓመት በሜይ ዴይ ከ150 በላይ ሠራተኞች ተሰብስበው የአፍሪካ ይዘት ተቆጣጣሪዎች የሠራተኛ ማኅበር ለመመሥረት ድምፅ ሰጡ። አንድም ኮምፒውተር አልሰበሩም።

የቀረው «አማራጭ አምጡ» የሚለው ነው፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የመንግሥት ፌስቡክ ይከፈት አልልም፤ ከላይ ያለውን ጽፌ ያን ብል ያሳፍረኛል። አሁን የያዝነው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጥሩ መነሻ ነው፤ መረጃው ምን እንደሆነ የመጠየቅ፣ የማስተካከልና የማስጠፋት መብት ይሰጣል። ያ አሽከርካሪ ግን አቤቱታ ጽፎ እስኪያስገባ የሦስት ቀን ገቢው ሄዷል። ለእርሱ ከአዋጁ በፊት የሚያስፈልገው ከሌሎች አሽከርካሪዎች ጋር ሆኖ «ዕጣው እንዴት እንደሚወጣ አሳየን» የሚልበት ማኅበር ነው። ይህ ከጀርመን መጽሐፍ የተቀዳ ሐሳብ እንዳይመስልዎ፤ ዕቁብ ገብተው ያውቃሉ? ዳኛውን የመረጡት እርስዎ ነዎት። ዕጣው የሚወጣው በሰው ፊት ነው። የዕቁቡ ጸሐፊ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ማንም ጎንበስ ብሎ «የእኔን አሳየኝ» ይላል። ደብተሩም ላይ ያለው ስምና ብር ብቻ ነው፤ ማን የት እንዳደረ አይጻፍበትም።

በኮምፒውተር ዓለም ይህ አይሆንም ለሚል፣ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ቨርጂኒያ የፌዴራል መርማሪዎች ሲግናል የተባለውን የመልእክት አገልግሎት የሚያካሂደውን ድርጅት፣ ስለ ሁለት ስልክ ቁጥሮች ያለህን ሁሉ አቅርብ ብለው በመጥሪያ አስገደዱት። ሲግናል ታዘዘ፤ ያለውን ሁሉ አስረከበ። ከቁጥሮቹ አንዱ አገልግሎቱን ተጠቅሞ አያውቅም ነበር። በሌላው ላይ የነበረው የተመዘገበበት ቀንና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበት ቀን ነው። ሁለት ቀን። የበር ጫማ የሚቆጠርበት ዓምድ መዝገቡ ላይ አልነበረም።